የካይሮ ጎዳና በአሮጌ ኅትመት፦ የትኛውን እንመን?

በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ይህን ክር የከፈተችው ጀርመን አገር የምትኖር እህት ናት። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛችውን አንድ የኅትመት ሥዕል ከፊትና ከጀርባ ፎቶግራፍ አንሥታ አያይዛለች። ሥዕሉ የድሮዋን ካይሮ ጠባብ መንገድ ያሳያል። መሽረቢያ የሚባሉት የእንጨት ፍርግርግ ሰገነቶች ከግራና ከቀኝ ወደ መንገዱ ወጥተው ሊነካኩ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ከሥራቸው አንድ ውሃ ተሸካሚ የፍየል ቆዳ ስልቻ አዝሎ፣ ከክብደቱ የተነሣ ጎብጦ ያልፋል። ጥቁር የተከናነበች ሴት ደግሞ ልጇን በአንድ ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። ሻጩ የናፖሊዮን ዘመን የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ነው ብሏታል። እውነት ነው ወይ ስትል ጠየቀች። ቀጥላም፣ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት የነበረችውን ግብፅ እንደነበረች ስለሚያሳዩ ከታሪክ መጻሕፍት የበለጠ ሊታመኑ ይገባል የሚል አቋም ጨመረችበት። ክርክሩን ያቀጣጠለው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው።

መልሶቹን እንደ ተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ፤ የእኔም አሉባቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 አጭርና ትሑት ነበር። ጸሐፊው እንኳን ደስ አለሽ ካላት በኋላ የሻጩን ቃል ደገፈ። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅ ሲገባ ከጦሩ ጋር 160 ያህል ሊቃውንት፣ መሐንዲሶችና ሠዓሊዎች እንደነበሩ፣ የሥራቸው ውጤት የሆነው ግዙፍ መጽሐፍም ከ1809 ጀምሮ በፓሪስ መታተሙን አስታውሶ፣ ሥዕሉ ከዚያ የተገነጠለ ሊሆን ይችላል አለ።

መልስ 2ን የጻፉት ለብዙ ዓመታት የኅትመት ጥበብ ያስተማሩ አንጋፋ መምህር ናቸው፤ በመድረኩ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። የቀደመውን ጸሐፊ በጨዋነት አመስግነው እርማታቸውን ጀመሩ። መዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ ይሞላና የረጠበው ወረቀት በከባድ መዳመጫ ሥር ሲያልፍ ከጭረቱ ይስበዋል። በዚህ ጊዜ የመዳቡ ዝርግ ጠርዝ በሥዕሉ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ አራት ማዕዘን ምልክት ጥሎ ይቀራል፤ መስመሮቹም በጣት ሲዳሰሱ ከፍ ብለው ይሰማሉ። በፎቶግራፉ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አላዩም። ይልቁንም ዓይናቸውን የሳበው በጀርባው ያለው የጀርመንኛ ጽሑፍ ነው። የእንጨት ቅርጽ እንደ ፊደል ሁሉ ቀለም የሚይዘው በላይኛው ገጹ ስለሆነ ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ማተሚያ አብረው ይወጣሉ፤ መዳብ ግን የራሱን ማተሚያ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጄ፣ ማጉያ መነጽር አምጪና ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር እንዳለ ፈልጊ ሲሉ መከሯት።

መልስ 3 የጠያቂዋ ነው። መስመሩ አለ። ከላይ ከሰማዩ ተነሥቶ የቀኙን ሰገነት ለሁለት ከፍሎ፣ የውሃ ተሸካሚውን ትከሻ ቆርጦ እስከ ታች ይወርዳል፤ ውፍረቱ ከፀጉር አይበልጥም። እስካሁን የወረቀቱ እጥፋት ይመስላት ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቱ በዚያ ቦታ ምንም አልታጠፈም።

መልስ 4 ላይ የጋሼ ደስታ በግልጽ ይታይ ነበር። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ቦክስውድ የሚባለው ጠጣር እንጨት ግንዱ ቀጭን ነው። ትልቅ ሥዕል ሲፈለግ ትናንሽ ቁራጮች በብሎን ተጋጥመው አንድ ሰፊ ገጽ ይሠራሉ። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ተፈታትተው ለተለያዩ ቀራጮች ይከፋፈላሉ። ነጩ መስመር የሁለት ቁራጮች መጋጠሚያ ነው፤ ቀረብ ብሎ ላየው በመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው የጥላ አሳሳል እንኳ የአንድ ሰው እጅ ላይሆን ይችላል። የእንጨት ቅርጽ፣ የጀርመንኛ ጽሑፍና የካይሮ ጎዳና ሲደመሩ ጥርጣሬያቸው ጌኦርግ ኤበርስ የሚባለው የግብፅ ጥናት ምሁር ወዳዘጋጀውና በ1879 እና በ1880 በሁለት ቅጽ ወደታተመው ትልቅ ባለሥዕል መጽሐፍ አመራ። ያ ማለት ከናፖሊዮን ወዲህ 80 ዓመት ነው። ፎቶግራፍም ቢሆን በኅዳር 1839 ፈረንሳዮቹ ኦራስ ቬርኔና ጉፒል ፌስኬ እስክንድርያ ላይ ካነሡ 40 ዓመት አልፎት ነበር። ከፎቶግራፍ በፊት የነበረችው ግብፅ የሚለው አባባል እዚህ ላይ ወደቀ።

መልስ 5 ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ጸሐፊው እነዚህ ሥዕሎች ሁሉ የአውሮፓ ሀብታም ሳሎኑን እንዲያስጌጥባቸው የተፈበረኩ ውሸቶች ናቸው አለ። ግብፃዊው ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ጋያ ያጨሳል፤ ሴቲቱ ሁልጊዜ ተሸፋፍና ትሄዳለች፤ ሕንጻው ሁልጊዜ ፈርሶ ይታያል። መሬቱን ለመውረር ያሰበ ሰው ባለቤቱን ሰነፍ አድርጎ መሳል ይጠቅመዋል። ጠያቂዋንም የዋህ ብሎ ሰደባት። አነጋገሩ አስቀይሞኛል፤ እርሷ የመጣችው ለማወቅ ነው። የተናገረው ነገር ግን በከፊል ልክ ስለሆነ በስድቡ ምክንያት ብቻ ልንጥለው አንችልም።

መልስ 6 ካይሮ ውስጥ ሥነ ሕንጻ ከምታጠና ወጣት መጣ፤ በእኔ አስተያየት ከክሩ ሁሉ ምርጡ ይኸኛው ነው። ስድቡን በስድብ አልመለሰችም፤ በእግሯ ሄዳ ያየችውን ጻፈች። በሙዒዝ ጎዳና ላይ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ አብድ አል ራህማን ካትኩዳ በ1744 ያሠራው ሰቢል ቆሟል። ከታች ለመንገደኛ በነጻ ውሃ የሚታደልበት፣ ከላይ ሕፃናት ቁርዓን የሚማሩበት ክፍል ያለው ሕንጻ ነው። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ኅትመቶች ይዛ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ የነሐስ ፍርግርጉን፣ ቀስቶቹን፣ ከላይ ያለውን የእንጨት ሰገነት አንድ በአንድ አመሳከረች። ድንጋዩ ከሥዕሉ ጋር ይስማማል። መሽረቢያውንም እንዲሁ በቅርብ አየችው። ከመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ የተጠረቡ እንክብሎች ያለ ምስማር እየተሰካኩ የሚሠራ ነው፤ በካይሮ ሙቀት ሰፊ ሳንቃ ይሰነጠቃል፣ ትናንሾቹ ቁራጮች ግን በየመጋጠሚያቸው እየላሉና እየጠበቁ ይኖራሉ። ፍርግርጉ ፀሐይን ከልክሎ ነፋስን ያሳልፋል፤ የሸክላ ውሃ እንስራ እዚያ ሲቀመጥ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ከውስጥ ያለችው ሴት መንገዱን ታያለች፣ መንገደኛው ግን አያያትም። ይህን ሁሉ በደንብ የሳለ ሰው ውሸታም ተብሎ በጅምላ ሊጣል አይገባም ስትል ደመደመች።

መልስ 7 በመልስ 1 በተነሣው የፈረንሳዮቹ ትልቅ መጽሐፍ ላይ ብቻ ያተኮረ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የጥንት ቤተ መቅደሶቹን ገጾች ነው፤ ስለ ዘመኑ ግብፅ የሚናገሩት ቅጾች ግን ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ዘይት ጨማቂውን፣ በበሬ የሚዞረውን የውሃ መሳቢያ መንኮራኩር ከነመሣሪያዎቻቸው ይዘዋል። ኒኮላ ዣክ ኮንቴ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራው የእርሳስ ዓይነት ፈልሳፊ፣ ብዙዎቹን የእጅ ሥራዎች የሳለው እርሱ ነው። ሰማይና ሰፊ ግድግዳ ለመቅረጽ ወራት ይፈጅ ስለነበር እኩል የተራራቁ መስመሮችን በራሷ የምትስል ማሽንም ሠራ። ስለዚህ የእነዚያን ኅትመቶች ሰማይ በማጉያ መነጽር ያየ ሰው፣ የሰው እጅ ሊያሰምረው የማይችለውን እኩልነት ያገኛል። ወረቀቱም ወደ ብርሃን ሲነሣ የመጽሐፉን ርዕስ የሚጠቅስ የውሃ ምልክት አለው። ይህ ጸሐፊ በ2011 ታኅሣሥ ወር ካይሮ ውስጥ በተነሣው ግጭት የግብፅ ተቋም የተባለው የምርምር ማዕከል ሕንጻ ሲቃጠል የተሰማውን ኀዘንም ጽፏል፤ የተቋሙ የዚያ መጽሐፍ ቅጂ ጉዳት ከደረሰባቸው መካከል ነበር።

መልስ 8 የእኔ ነው። 5ኛውንና 6ኛዋን ሁለቱንም አነበብኩና የምጨነቅለትን ነገር ጻፍኩ። አንድ ኅትመት በብዙ እጆች ያልፋል፤ የቦታው ሠዓሊ፣ ቀራጩ፣ አሳታሚው፣ አንዳንዴ ቆይቶ ቀለም የቀባው ሰው ጭምር። ሕንጻ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሠዓሊው በጥሞና ይለካዋል። ሰው ግን ያልፋል፣ ይሸሻል፣ መሳል አይፈልግም። ስለዚህ ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ቤት ከተመለሱ በኋላ ባዶውን ቦታ ለመሙላት የተጨመሩ ናቸው። ስኮትላንዳዊውን ሠዓሊ ዴቪድ ሮበርትስን ውሰዱ። በ1838 ግብፅ ሄደ፤ ካይሮ መስጊዶች ውስጥ ገብቶ እንዲስል የተፈቀደለት የቱርክ ልብስ እንዲለብስና የአሳማ ጸጉር ብሩሽ እንዳይጠቀም ቃል ካስገቡት በኋላ ነው። ሕንጻዎቹን ድንቅ አድርጎ ሳለ፤ ነገር ግን በብዙ ሥዕሎቹ ሕንጻው እንዲገዝፍ ሰዎቹ አንሰው ይታያሉ። ኅትመቱም ሉዊ ሃግ የተባለ ባለሙያ በድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ስሎ ያወጣው ሊቶግራፍ እንጂ የመዳብ ቅርጽ አይደለም፤ ነጋዴዎች ይህን ሆን ብለው ሲያምታቱ አይቻለሁ። በተቃራኒው እንግሊዛዊው ምሁር ኤድዋርድ ሌን በካይሮ ሰፈር ተከራይቶ፣ አረብኛ ተናግሮ፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ለብሶ ኖረ። በ1836 ለታተመው መጽሐፉ ራሱ የሳላቸው ትናንሽ ሥዕሎች የቡናውን ሲኒ ከነማስቀመጫው፣ የእጅ ማስታጠቢያውን፣ የሱቁን መደብ ያሳያሉ። ውበት ፈልጎ የሳለው የለም፤ ነገሩን ማስረዳት ብቻ ነው የፈለገው። የሰዎቹን ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ከሮበርትስ ይልቅ ወደ ሌን ይሂድ አልኩ። ሌን ግብፃውያንን በሚዳኝበት ቦታ ግን እጁን አልስምም፤ በዚያ ላይ እንደ ዘመኑ እንግሊዛዊ ነው።

መልስ 9 ዋጋ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም። መልስ 10 የስፊንክስን አፍንጫ የናፖሊዮን ወታደሮች በመድፍ መቱት የሚለውን አሮጌ ወሬ አመጣ። ለዚህም ኅትመት ራሱ መልስ አለው። የዴንማርኩ የባሕር ኃይል መኮንን ፍሬድሪክ ኖርደን በ1737 ሳለው፤ ሥዕሉም በ1755 ታተመ። አፍንጫው ያኔም አልነበረም። ናፖሊዮን ገና አልተወለደም። መልስ 11 ይህን ካረመ በኋላ፣ የጠፉትን ሕንጻዎች አነሣ፤ በዓባይ ላይ ባለችው በኤሌፋንታይን ደሴት የነበረው የፈርዖኑ የአሜንሆቴፕ ሦስተኛ ቤተ መቅደስ በ1822 ለግንባታ ድንጋይ ፈርሷል፣ የቃው ቤተ መቅደስም በዓባይ ሙላት ተወስዷል። ዛሬ ሁለቱን የምናውቃቸው ባብዛኛው ፈረንሳዮቹ ስለሳሏቸው ነው። በካይሮም ክረምት ክረምት በሙላት ሐይቅ ይሆን የነበረው የአዝበኪያ ሜዳ ደርቋል፤ ከተማዋን ያቋርጥ የነበረው ኻሊጅ የተባለው ቦይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተደፍኖ ትራም ተዘርግቶበታል። ሁለቱም በውሃ ተሞልተው የሚታዩት በኅትመቶቹ ላይ ነው።

ውሃ ሲነሣ ክሩ መንገዱን ሳተ። መልስ 12 በካይሮዋ የሮዳ ደሴት ላይ በ861 የተሠራውን የዓባይ መለኪያ ዓምድ የሚያሳየውን ኅትመት ለጠፈ። ውሃው 16 ክንድ ሲደርስ ከተማው በደስታ ይፈነድቅ እንደነበር፣ ግብሩም በዚያ ልኬት ይወሰን እንደነበር ገለጸ። ጥሩ መልስ ነበር። ነገር ግን በመጨረሻው ያንን ክንድ የሚሞላው የእኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መሆኑን ሲያክል፣ ከ13 እስከ 16 ያሉት መልሶች በሙሉ ስለ ግድቡ ሆኑ። ሁለት ሰዎች ተሳደቡ። አስተባባሪው ገብቶ ሁለቱን አስጠነቀቀና ወደ ሥዕሎቹ እንድንመለስ ለመነ። የዓባይ ጉዳይ የማያገባን ሆኖ አይደለም፤ ለእርሱ ግን ሌላ ክር አለው።

መልስ 17 ክሩን ከባድ ወደሆነው ስፍራ ወሰደው። የጻፈችው በሪያድ የምትሠራ እህት ናት። የሮበርትስን ኅትመቶች ስታገላብጥ፣ በኑቢያ ኮርቲ በተባለ ቦታ የሚያርፉ የሐበሻ ባሮችን የሚያሳይ አንድ ሊቶግራፍ አገኘች። ስለ ፍርግርግና ስለ ድንጋይ ይህን ያህል ስንከራከር፣ ከአገራችን ተነድተው ካይሮ የተሸጡት ሴቶች በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ መኖራቸውን ማንም ለምን አላነሣም ስትል ጠየቀች። ከቤቷ ርቃ በሰው ቤት የምትሠራ ሰው የጻፈችው መሆኑ በየመስመሩ ይሰማል።

መልስ 18 ያለፈ ቁስል መቆስቆስ ምን ይረባል አለ። ክሩ ስለ ጥበብ እንጂ ስለ ፖለቲካ አይደለም ብሎም ገሠጻት። መልስ 19 ላይ ጋሼ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለማንም ክፉ ቃል ያልተናገሩት ሰው፣ በቁጣ መለሱለት። ለመዳብ ጠርዝ የሚሟገት ሰው ለታሰረ ሰው ዝም ካለ ጥበብን አልተማረም አሉት። ከዚህ ወዲያ 18ኛው አልተመለሰም።

መልስ 20 የእኔ ነው፤ ለሪያድ እህታችን። ካይሮ ውስጥ ሐበሻ ይባሉ የነበሩት አብዛኞቹ ከኦሮሞና ከደቡብ ሕዝቦች መንደሮች የተነጠቁ ወጣቶች ነበሩ። በመተማና በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹ በምጽዋና በቀይ ባሕር ተሻግረው ይሸጡ ነበር። በሀብታሞቹ ቤቶች የሐበሻ ሴቶች ይፈለጉ እንደነበር ሌንም ጽፏል። እንግዲህ በኅትመቶቹ ላይ መሽረቢያውን ስናይ፣ ከፍርግርጉ በስተጀርባ ከነበሩት ሴቶች አንዳንዶቹ የእኛ እንደነበሩ ማወቅ አለብን። ሮበርትስ የኮርቲዎቹን ሲስል ያረፉ መንገደኞች አስመስሏቸዋል፤ የሥዕሉ ርዕስ ባይኖር የሚያልፍባቸው መከራ አይታወቅም ነበር። የሰዎቹን ምስል ያለ ጥያቄ አንቀበል ያልኩት ለዚህ ነው።

መልስ 21 ሌላ የአገራችንን ክር መዘዘ፤ ይህኛው ልብን ያቀናል። የናፖሊዮንን ወረራ ከተወረረው ወገን ሆኖ የመዘገበው የካይሮ ታሪክ ጸሐፊ አብድ አል ራህማን አል ጀበርቲ የትውልድ ሐረጉ ከጀበርት፣ ማለትም ከወገናችን ሙስሊሞች ምድር ነው። ቤተሰቡ አል አዝሃር በተባለው የካይሮ የእስልምና ትምህርት ቤት የጀበርት ተማሪዎችን ማረፊያ ለትውልዶች ሲመራ ኖሯል። አል ጀበርቲ የፈረንሳዮቹን ቤተ መጻሕፍት ጎብኝቶ ሥዕሎቹን አይቷል። ሪጎ የተባለው ሠዓሊያቸው የሼኾቹን መልክ ሲስል ከወረቀቱ ወጥተው ሊናገሩ የደረሱ ያስመስላቸው እንደነበር በአድናቆት ጽፏል። የፈረንሳዮቹን አገዛዝ ግን አጥብቆ ነቅፏል። 5ኛው ጸሐፊ እዚህ ላይ ተመለሰ፤ በመልስ 22፣ ሰዎቹ ተሳሉ እንጂ አልተናገሩም ብሎ ያስብ እንደነበርና ይህን ጸሐፊ ፈልጎ እንደሚያነብ ገለጸ። ጠያቂዋንም ይቅርታ ጠየቃት።

መልስ 23 ላይ ጠያቂዋ ጋሼ የጠቆሟትን መጽሐፍ ዲጂታል ቅጂ ከአንድ የጀርመን ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ አገላብጣ የራሷን ገጽ አገኘች፤ የጀርባው ጽሑፍ ቃል በቃል ገጠመ። ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋው እንደምትነጋገር ነገረችን። ከዚያም ሥዕሉን ቀለም ላስቀባው ወይ ብላ ጠየቀች።

መልስ 24 የጋሼ ነው፤ በጭራሽ አታስቀቢው የሚል። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የታተመን ሥዕል ቀለም ሲነካው ቀራጩ በመስመር ያመጣው ጥላ ይጠፋል። ፍሬም ስታስገቢ መስታወቱ ወረቀቱን አይንካ፤ በመካከላቸው አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። ፕላስተር አይለጠፍበት፤ ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳም ይራቅ። ቡናማ ነጠብጣቦቹን ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይጠባቸው።

የመጨረሻው፣ መልስ 25፣ የኮርቲውን ኅትመት የት ማየት ይቻላል የሚል ነበር። በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት የሮበርትስን ሊቶግራፎች ቃኝቶ በነጻ ለሕዝብ አቅርቧል። በሠዓሊው ስምና በኮርቲ ፈልጉት፤ ትልቁን ፋይል አውርዱ፣ ትንሹ የሰዎቹን ፊት አያሳይም።